አልጋ ላይ የቀረበው ጥያቄ

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1922 በእንግሊዝና ዌልስ በሳንባ ካንሰር የሞቱት ሰዎች 612 ነበሩ። በ1947 ቁጥሩ 9,287 ደረሰ። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ አሥራ አምስት እጥፍ! አንዱ የመኪና ጭስ ነው አለ፤ ሌላው መንገድ ላይ የሚፈሰው ሬንጅ ነው አለ። ነገሩን እንዲመረምር የተመደበው ወጣት ሐኪም ሪቻርድ ዶልም መጀመሪያ የጠረጠረው ሬንጁን ነበር። ሲጋራማ በማን ይጠረጠራል? ከአምስት እንግሊዛዊ ወንድ አራቱ ትምባሆ የሚያጨስበት ዘመን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለቁስለኛ ወታደር አልጋው ድረስ ሲጋራ ይታደለው ነበር እኮ።

ዶልና የስታቲስቲክስ ሊቁ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል በ1948 መልሱን ከሕመምተኞቹ አፍ መፈለግ ጀመሩ። ጠያቂዎች በለንደን 20 ሆስፒታሎች አልጋ ለአልጋ ዞሩ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሰው ሲታመም ልማዱ ይለወጣል። ሳሉ ሲጠናበት ሲጋራው ይመረዋል፣ ይቀንሳል፣ ጭራሽ ይተዋል። “አሁን ታጨሳለህ?” ብትለው “ኧረ አላጨስም” ይልሃል፤ አልዋሸም። ስለዚህ የተጠየቀው ያለፈው ታሪኩ ነው፦ መቼ ጀመርክ? መቼ ተውክ? ከመታመምህ በፊት በቀን ስንት ታጨስ ነበር?

ውጤቱ በ1950 ታተመ። የሳንባ ካንሰር ካለባቸው 649 ወንዶች ውስጥ አጭሰው የማያውቁት ሁለት ብቻ ነበሩ። በሌላ በሽታ ከተኙት 649 ወንዶች ደግሞ 27። በቀን 25 ሲጋራና ከዚያ በላይ የሚያጨሱት፣ ከካንሰር ሕመምተኞቹ አጫሾች መካከል 26 በመቶ፣ ከሌሎቹ አጫሾች መካከል 13.5 በመቶ ሆኑ።

“ጠያቂዎቹ ካንሰር እንዳለበት እያወቁ መልሱን ጎትተው አውጥተውት ቢሆንስ?” የሚል ሰው መኖሩ አይቀርም። እኔን በጣም የሚገርመኝ መልስ የተገኘው ከስህተት ነው። 200 ለሚያህሉ ሰዎች የሳንባ ካንሰር ነው ተብሎ ከተጠየቁ በኋላ ምርመራው ስህተት ሆኖ ተገኘ። የማጨስ ታሪካቸው ሲታይ ከካንሰር ሕመምተኞቹ ጋር ሳይሆን ካንሰር ከሌለባቸው ጋር ተመሳሰለ። ጠያቂው ምንም ይገምት ምን፣ መልሱ አልተዛባም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ያን ጊዜ ገና አልታወቀም። ለማነጻጸሪያ ከተመረጡት መካከል የልብና የመተንፈሻ አካል ሕሙማን ነበሩባቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹን አልጋ ላይ የጣላቸው ያው ሲጋራ እንደሚሆን ዛሬ እናውቃለን። አጫሽ ከአጫሽ ጋር እየተነጻጸረ እንኳ ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ፤ ከጤነኛ ጋር ቢሆንማ የት በደረሰ!

በ1951 ሁለቱ ሰዎች ጥያቄውን ወደ ሐኪሞቹ አዞሩት፣ ለአሥርት ዓመታትም ተከታተሏቸው። የሃምሳ ዓመቱ ውጤት በ2004 ሲወጣ፣ ማጨስ ያላቆሙት በአማካይ አሥር ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ። በ60 ዓመቱ ያቆመ ሰው ሦስት ዓመት ያህል ያተርፋል፣ በ50 ያቆመ ስድስት፣ በ40 ያቆመ ዘጠኝ።

ዶል ራሱ አጫሽ ነበር። የለንደኑ ጥናት ገና ሳያልቅ፣ የሕመምተኞቹ መልስ ሲጠራቀም አይቶ ተወው። አርባ አልሞላውም ነበር። በ2005 ሲሞት ዕድሜው 92 ነበር።