ፓትሪሻ ወርትዝ፦ ከነዳጅ ማጣሪያ እስከ እህል ማቀነባበሪያ

ፓትሪሻ ወርትዝ በነዳጅና በእህል ንግድ ዘርፍ ግዙፍ ኩባንያዎችን የመሩ አሜሪካዊት ናቸው። የሥራ ሕይወታቸው ከእርሻ ማሳ አልጀመረም፤ ይሁንና የአርሶ አደሩን በቆሎ፣ አኩሪ አተርና ስንዴ ገዝቶ በማቀነባበር ከዓለም ቀዳሚዎች አንዱ የኾነውን አርቸር ዳንኤልስ ሚድላንድን (ኤዲኤም) ከስምንት ዓመታት በላይ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መርተዋል።

ፓትሪሻ እ.ኤ.አ በ1953 በፔንሲልቬንያ ግዛት ፒትስበርግ ከተማ ተወለዱ። በ1974 ከፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አግኝተው በኦዲት ሙያ ሥራ ጀመሩ። በ1977 ገልፍ የተባለውን የነዳጅ ኩባንያ ተቀላቀሉ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ገልፍ ከሸቭሮን ጋር ሲዋሐድ ከባድ ዕዳ ተከትሎ መጣ። ፓትሪሻም ዕዳውን ለማቃለል በተካሄደው የንብረት ሽያጭ ሥራ ተሳትፈዋል። በኋላም የሸቭሮን ካናዳ ፕሬዚዳንት ኾኑ። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ የኩባንያውን ዓለም አቀፍ የነዳጅ ማጣራትና ሽያጭ ዘርፍ መርተዋል።

በ2006 የኤዲኤም ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የቦርድ ሰብሳቢ ኾኑ። ኤዲኤም መነሻው በ1902 በሚኒያፖሊስ የተቋቋመ የተልባ መጭመቂያ ነው።

የነዳጅ ባለሙያ ለእህል ኩባንያ መመረጧ ለብዙዎች አዲስ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ የኹለቱ ዘርፎች አሠራር ይመሳሰላል። ድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ ቤንዚንና ናፍጣ እንደሚወጣው ኹሉ፣ ከአንድ ኩንታል አኩሪ አተርም በፋብሪካ ወደ 18 ወይም 19 ኪሎ ግራም ዘይት ይወጣል፤ ቀሪው በአብዛኛው ለእንስሳት መኖ የሚኾን ፋጉሎ ነው። በኹለቱም ዘርፎች የጥሬ ዕቃው ዋጋ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ከእያንዳንዱ ኩንታል ወይም በርሜል የሚገኘው ትርፍ አነስተኛ በመኾኑ አዋጭነቱ የሚወሰነው በብዛትና በማጓጓዣ ወጪ ነው። በተጨማሪም ኤዲኤም ከበቆሎ ኢታኖል በማምረት ይታወቅ ነበር። በ2005 የወጣ የአሜሪካ ሕግም ታዳሽ ነዳጅ ከቤንዚን ጋር እንዲቀላቀል አስገድዷል።

የኤዲኤም ዓመታዊ የሽያጭ ገቢ በ2006 የበጀት ዓመት ከነበረበት 36.6 ቢሊዮን ዶላር በ2014 ወደ 81.2 ቢሊዮን ዶላር አድጓል። በመካከሉ የዓለም የእህል ዋጋ በጣም የናረባቸው ዓመታት ስለነበሩ ዕድገቱ ኹሉ የአመራር ውጤት ነው ማለት አይቻልም።

ትልቁ ፈተና የገጠማቸው በአውስትራሊያ ነው። ኤዲኤም ግሬይንኮርፕን ወደ 3.4 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በሚገመት ዋጋ ለመግዛት ጠየቀ። ግሬይንኮርፕ በምሥራቅ አውስትራሊያ ከ280 በላይ የእህል ማከማቻዎች ነበሩት፤ በአካባቢው እህል ከሚጫንባቸው 10 የወደብ ተርሚናሎች ሰባቱም በእርሱ እጅ ነበሩ። በርካታ አርሶ አደሮች መጋዘኑም ወደቡም በአንድ የውጭ ገዢ እጅ ከገባ ውድድሩ ይዳከማል፣ ምርታችንም በርካሽ ይወሰዳል ሲሉ ሠጉ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆ ሆኪ ግዢውን የሀገርን ጥቅም ይጻረራል በማለት በ2013 መጨረሻ ከለከሉ።

በዚያው ጊዜ ኤዲኤም ከ2002 እስከ 2008 በዩክሬን ከተከፈለ ጉቦ ጋር በተያያዘ ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ድርጊቱ የጀመረው ፓትሪሻ ከመምጣታቸው በፊት ሲኾን፣ ጉዳዩን ለአሜሪካ ባለሥልጣናት ያሳወቀውም ራሱ ኩባንያው ነው።

በ2014 ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱን ከዲኬተር ወደ ቺካጎ አዛወረ፤ የምግብ ማጣፈጫ አምራቹን ዋይልድ ፍሌቨርስንም ከኹለት ቢሊዮን ዩሮ በላይ ገዛ። እህል ከመግዛትና ከመጭመቅ ይልቅ የተሻለ ትርፍ ወደሚያስገኙ የምግብ ግብዓቶች መሻገሩ ነበር። ፓትሪሻ በ2014 ማብቂያ የሥራ አስፈጻሚነቱን ለኹዋን ሉቺያኖ አስረክበው ለአንድ ዓመት በቦርድ ሰብሳቢነት ቆይተዋል።