ጅማ አባ ጅፋርና የጎጃም ሲራራ ነጋዴዎች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

የዛሬው ዝግጅታችን ከዓባይ ማዶ ይወስደናል። የምንጨዋወተው ስለ አንዲት ትንሽ የሙስሊም መንግሥት፣ ስለ ጅማ አባ ጅፋር ነው። ጅማ ከእኛ ከጎጃሞች ጋር ምን ያገናኛታል የሚል ቢኖር፣ ብዙ ነገር ያገናኛታል። ያቺ መንግሥት የተነሣችበት ንግድ ግማሽ መንገዱ በእኛ አገር ያልፍ ነበር። ዕጣዋ የተወሰነበትም ጦርነት የጎጃም ንጉሥ የተማረከበት ጦርነት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ ይሏል።

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በጊቤ ወንዝ አካባቢ አምስት ትንንሽ የኦሮሞ መንግሥታት ተቋቋሙ። እነርሱም ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። አገሩ ለም ነው፤ ቡናው ከጫካ ይለቀማል። ከደቡቡ ከከፋና ከአካባቢው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል። ዝባድ ማለት ከጥርኝ የሚወጣው ሽቶ ነው፤ በላም ቀንድ ታሽጎ ይሸጥ ነበር። ይህ ሁሉ ሸቀጥ ግን ባሕር ደርሶ ገንዘብ እንዲሆን ወደ ሰሜን መጓዝ ነበረበት። ወደ ሰሜን ደግሞ ዓባይን የሚያሻግር፣ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ከየአገሩ ገዢ ጋር ተነጋግሮ የሚያልፍ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው የጎጃም፣ የጎንደርና የደሪጣ ሙስሊም ነጋዴ ነበር።

ለምን ሙስሊሙ ነጋዴ ሆነ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንዳንድ ሰው ንግድ የሙስሊም ተፈጥሮ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በክርስቲያኑ ደገኛ አገር ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አይሰጠውም ነበር። መሬት የሌለው ሰው እንግዲህ ወይ ሸማ ይሠራል፣ ወይ ቆዳ ያለፋል፣ ወይ አህያና በቅሎ ጭኖ ይነግዳል። ይህ ሁኔታ በሕግ ያበቃው በ1975 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ነው። አያቶቻችን በቅሎ የጫኑት እርሻ ጠልተው እንዳልሆነ ልጆቻችን ቢያውቁት መልካም ነው።

የዚያ ዘመን ትልቁ የጎጃም ገበያ ባሶ ነው፤ በምሥራቅ ጎጃም በየጁቤ አጠገብ ይቆም ነበር። የጁቤ የነጋዴዎች ከተማ ናት። ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ተቀምጦ ገበያውን ተመልክቶ ጽፏል። ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ መዳብና ጨሌ ይመጣል፤ ከደቡብ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ይመጣል። ስለ መጨረሻው ሸቀጥ ወደ በኋላ እንመለስበታለን። ከባሶ የተነሣ ሲራራ ዓባይን በመሻገሪያው ተሻግሮ ጉድሩ ይገባል፤ በጉድሩ አሰንዳቦ ገበያ ይገበያያል፤ ከዚያ ወርዶ ሊሙ እናርያ፣ ሰቃ ይደርሳል። የእኛው የቡሬ ገበያም ከዓባይ ማዶ ካለው የወለጋ አገር ጋር የቆየ ግንኙነት አለው። ዛሬ መኪና ከቡሬ ተነሥቶ በድልድይ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምት ይገባል፤ ያን ጊዜ ግን ወንዙ እስኪጎድል ይጠበቅ ነበር፤ አዞውም፣ ወባውም፣ ሽፍታውም አለ።

በሰቃ የነበረው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከ1825 እስከ 1861 የገዛ ብልህ ሰው ነው። የሰሜን ነጋዴዎችን ያከብራል፤ ነገር ግን ሰቃን አልፈው ወደ ከፋ እንዲዘልቁ አይፈቅድላቸውም ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ንግድ የሚይዙት አፍቃላ የሚባሉት የራሱ አገር ነጋዴዎች ነበሩ። ለነጋዴ የተለየ መኖሪያ ይሰጥ ነበር፤ የስሙም ነገር ደስ ይላል፤ «መንደራ» ይባላል፤ የእኛው «መንደር» ነው። ቃሉ ከነጋዴው ጋር ዓባይን ተሻግሮ ሄዷል። ነጋዴው ከጨውና ከጨርቅ ጋር ሶላቱን፣ ኪታቡንም ይዞ ሄዷል። አንዳንዱ ሸይኽ ነው፤ አንዳንዱ የሚነግድ ደረሳ ነው። በሰይፍ ያልተገባበት የጊቤ አገር በአብዛኛው በእነዚህ እጅ ሰለመ።

ጅማ ከአምስቱ መካከል ዘግይታ የተነሣች ናት። በ1830 ቀዳማዊ አባ ጅፋር የጅማን ጎሳዎች በአንድ አገዛዝ ሥር ሰብስቦ ነገሠ፤ ከሰሜን በመጡ ነጋዴዎችና ሸይኾች ምክንያትም እስልምናን ተቀበለ። አባ ጅፋር የፈረስ ስም ነው፤ እኛም ዘንድ «አባ እገሌ» እያሉ መኳንንትን በፈረሳቸው ስም መጥራት እንደነበረው ማለት ነው። ቤተ መንግሥቱ በጅሬን ኮረብታ ላይ ሆነ፤ ከሥሩ ሂርማታ የሚባል ገበያ ተከፈተ። አገሩን ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው፣ ባዶ የድንበር መሬት ትተው፣ በየበሩ ኬላ አቁመው ይጠብቁት ነበር። ነጋዴ በኬላው ይገባል፣ በኬላው ይወጣል፤ ቀረጡ ይታወቃል፤ የተዘረፈ ነጋዴ ለንጉሡ አቤት ይላል። እንዲህ ያለ አገር ደግሞ ነጋዴ አይሸሸውም። ቀስ በቀስ የሰቃ ገበያ ሲደክም ሂርማታ ደመቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1878 ዳግማዊ አባ ጅፋር ገና በወጣትነቱ ነገሠ። በዚያው ዓመት በአውሮፓ ታላላቆቹ መንግሥታት በርሊን ላይ ተሰብስበው በባልካን ተራራ ላይ ላለችው ለትንሿ ሞንቴኔግሮ ነፃነቷን አጸደቁላት፤ በታላላቆች መካከል ለተቀመጠ ትንሽ አገር እንዲህ ያለው ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም። በዚያው ዓመት ደግሞ በእኛው አገር ዓፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው ሙስሊሙ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ አዘዙ። ከወሎ፣ ከጎንደርና ከጎጃም ሃይማኖቱን ይዞ የተሰደደው ሰው ብዙ ነው። ከተሰደዱት ነጋዴዎችና ዑለማዎች ጥቂት የማይባሉት የገቡት ጅማ ነው። ጅሬን ሰው አልከለከለችም። ሸይኹ የሚያስተምርበትን ቦታ፣ ነጋዴው የሚቀመጥበትን መንደር አገኘ። ጅማ በደቡብ ኢትዮጵያ የታወቀች የዒልም አገር የሆነችው በዚህ ነው።

ወጣቱ ንጉሥ ግን በሁለት ትልልቅ ኃይሎች መካከል ነበር። ከሰሜን ጎጃም፣ ከምሥራቅ ሸዋ የጊቤን ሀብት ይፈልጋሉ። የጎጃሙ ራስ አዳል ኃይል በጊቤ ምን ያህል ይሰማ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ነገር እንጥቀስ። ቼኪ የተባለ ጣልያናዊ መንገደኛ ጌራ ላይ ተይዞ ሳለ የተለቀቀው በ1880 ራስ አዳል ስለጠየቁለት ነው። በ1881 ዓፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሧቸው። ልብ በሉ፤ ከፋ ያን ጊዜ የራሱ ንጉሥ ያለው አገር ነው፤ ማዕረጉ የወደፊቱን ምኞት የሚናገር ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ዝም አላሉም። ራስ ጎበና ዳጬ በፈረሰኛ ጦራቸው ወደ ጊቤ ገሠገሡ። የጎጃሙ ራስ ደርሶ እየሰበሰበ በነበረው ግብር ላይ ጠብ ተነሣ። በመጨረሻም ሁለቱ ነገሥታት በሰኔ 1882 ከዓባይ ማዶ በጉድሩ አገር እምባቦ ላይ ተዋጉ። የጎጃም ጦር ተሸነፈ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ።

በጎጃም ይህን ጦርነት ስናወሳ የንጉሡን መማረክ እንጂ የገበያውን መሄድ ብዙ ጊዜ አናነሣም። በእኛ ግምት ግን ለተራው ሰው፣ በተለይ ለሙስሊሙ ነጋዴ፣ ከምርኮው ይልቅ የከበደው ይህ ነው። ከእምባቦ በኋላ የጊቤ ግብር ወደ ሸዋ ዞረ፤ ንግዱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተከተለው። አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ የባቡሩ ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የጅማ ቡና ዓባይን መሻገሩ ቀርቶ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ባሶም የቀድሞው ባሶ መሆኑ ቀረ።

አባ ጅፋርስ ምን አደረገ? አልተዋጋም። ለምኒልክ ገበረ። እናቱ ጉሚቲ ብርቱ ሴት ነበረች፤ ይህንንም መንገድ የመከረችው እርሷ ናት ይባላል። ይህን የሚሰማ ሰው ፈርቶ ነው ሊል ይችላል። ጎረቤቶቹ የደረሰባቸውን ማየት ያስፈልጋል። ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ በ1880ዎቹ ነገሥታታቸውን አጡ። ወታደር ሰፈረባቸው፤ ገበሬው ለሠፋሪው ጦር ገባር ሆነ። ጅማ ግን በየዓመቱ ግብሯን እየላከች ንጉሧንም፣ ሸሪዓዋንም፣ መሬቷንም ይዛ ቆየች። የሸዋ ጦር አልሰፈረባትም። ንጉሡ አዲስ አበባ የሚሆነውን ይሰማል፤ መቼ ስጦታ መላክ እንዳለበት ያውቃል፤ ወሬውን የሚያመጡለትም ሲራራ ነጋዴዎቹ ናቸው። ገባርነትን በገንዘብ ገዝቶ ከሕዝቡ ላይ አስቀረ ብንል አላበዛንም። ከአገሩ ለሐጅ ለሚሄዱ ሰዎች በመካ ማረፊያ ቤት ማዘጋጀቱንም የጅማ ሰዎች እስከ ዛሬ ያወሳሉ።

ይህ ሁሉ ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውንም የከፈለው ጅማ ብቻ አይደለም። ለምኒልክ የገበረ ንጉሥ ሲጠራ መዝመት ነበረበት። በ1894 በወላይታ ላይ በተደረገው ዘመቻ አባ ጅፋር ከጦሩ ጋር ነበረ። በ1897 ከፋ ስትያዝም የጅማ ሰዎች ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ዘምተዋል፤ የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማርኮ ተወሰደ። አንዲቱ ትንሽ አገር ለመኖር ስትል ሌላይቱን ትንሽ አገር ለማጥፋት ረዳች። ይህን የምናነሣው ከመቶ ዓመት በኋላ ለመፍረድ አይደለም፤ የጅማን ብልሃት እያደነቁ የከፋን ለቅሶ መርሳት ግን ደግ አይደለም።

ቅድም ስለ ባሪያ ንግድ እንመለስበታለን ብለን ነበር። የሂርማታ ገበያ ሀብት ከቡናና ከዝባድ ብቻ አልመጣም። ከከፋና ከአካባቢው የተያዙ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት እዚያ ይሸጡ ነበር፤ በሰቃም፣ በአሰንዳቦም፣ በባሶም እንዲሁ። ሻጩም ገዢውም ብዙ ጊዜ የእኛው ሃይማኖት ሰው ነበር። ክርስቲያኑም መኳንንት ባሪያ ነበረው፤ ይህ እውነት ነው፤ ግን ለእኛ ምክንያት አይሆነንም። መሐላ ያፈረሰ ሰው ባሪያ ነፃ በማውጣት ከፋራውን እንዲከፍል የሚያዝ ዲን ይዞ፣ ነፃ ሰው አስሮ ዓባይን ማሻገር ምን ይባላል? የአንዳንዱ የከተማ ሀብት፣ የአንዳንዱም መስጊድ መሠረት በዚህ ገንዘብ የቆመ ሊሆን ይችላል። ዲኑን ይዘው የሄዱት እግሮችና ባሪያ እየነዱ የተመለሱት እግሮች አንዳንድ ጊዜ የአንድ ሰው እግሮች ነበሩ። ታሪካችንን ስናወራ የመጀመሪያውን ጉዞ ብቻ ብንናገር ልጆቻችን ሌላውን ከሌላ ሰው አፍ ይሰሙታል። ባርነት በአገራችን ፈጽሞ በአዋጅ የተከለከለው በ1942 ነው፤ የባሮች የልጅ ልጆች እስከ ዛሬ በጋብቻ ሲናቁ የሚታይበት ቦታ አለና ነገሩ ያለቀ አይደለም።

ወደ ጅማ መጨረሻ እንመለስ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከአምሳ ዓመት በላይ ገዛ። ምኒልክን የቀበረ፣ ልጅ ኢያሱ ሲነሣና ሲወድቅ ያየ፣ የዓፄ ኃይለ ሥላሴንም ንግሥ የደረሰበት ሰው ነው። ሲያረጅና ሲታመም ሥልጣኑ ወደ ልጅ ልጁ ወደ አባ ጆቢር ሄደ። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ግን አገሩን ሁሉ ከመሐል ለመግዛት ያስቡ ስለነበር፣ ለአያቱ የተሰጠው ቃል ለልጅ ልጁ አልተጠበቀም። በ1932 ጅማ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባች፤ አባ ጆቢርም ታሰረ። ሽማግሌው አባ ጅፋር በዚያው ዓመት አረፈ። በጦርነት ያልተወሰደችው አገር በደብዳቤና በሹመት ተወሰደች።

በጅሬን ኮረብታ ላይ የእንጨቱ ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሟል፤ ከሥሩ ያለው የሂርማታ ገበያ የጅማ ከተማ አካል ሆኗል። ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ሄደው እዚያ የቀሩት ነጋዴዎችና ሸይኾች ከአገሬው ተጋብተው ተዋልደዋል፤ ልጆቻቸውም ኦሮምኛ አፍ ፈትተዋል። በዚህ በኩል ደግሞ በምዕራብ ጎጃም «ዘመዶቻችን ከዓባይ ማዶ አሉ» የሚሉ አዛውንቶች አሉ። ከእነዚህ አዛውንቶች የቀሩት ጥቂት ናቸውና፣ በየቤታችሁ ያሉትን እናት አባቶች የሲራራውን መንገድ፣ ያደሩበትን ቦታ፣ የተዛመዱትን ሰው ስም ጠይቃችሁ በወረቀት ብታሰፍሩልን በሚቀጥለው ዝግጅታችን ኢንሻአላህ እናነበዋለን።