ቴምብሩን ከፖስታው አትላጡት

አያት ሲያልፉ ሳጥን ይከፈታል። ከርስት ወረቀትና ከመስቀል ጋር የታሰሩ ደብዳቤዎች ይወጣሉ። ደብዳቤው ይነበባል፤ ቴምብሩ ለብ ባለ ውሃ ተነክሮ ይላጣል፤ ፖስታው ይጣላል። ዋጋ ያለው ቴምብሩ ነው፣ የቀረው ቆሻሻ ወረቀት ነው ከሚል ግምት የመጣ ልማድ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ቴምብሩ ተርፎ ታሪኩ ይጣላል።

ለምን? ከመነሻው እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት ያቋቋሙት በ1894 ነው። የውጫሌን ውል ካፈረሱ ገና አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ዓድዋ ሊመጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ጣሊያን ኢትዮጵያ ከእኔ ሥር ናት እያለች ለአውሮፓ በምታወራበት ሰዓት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የራስን ቴምብር ማሳተም ደብዳቤ የማመላለስ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ቴምብሮቹ የታተሙት በፓሪስ ነው። ቅርጹን የሠራው ፈረንሳዊው ኧዤን ሙሾን በኋላ ለራሷ ለፈረንሳይም ቴምብር የሠራ ሰው ነው። ዓይነታቸው ሰባት ነው። ከሩብ እስከ 2 ግርሽ ያሉት አራቱ የምኒልክን መልክ፣ የ4፣ የ8 እና የ16 ግርሾቹ የይሁዳን አንበሳ ይዘዋል። 16 ግርሽ አንድ ብር ነበር።

ችግሩ ድንበር ላይ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። እስከዚያ ድረስ ቴምብሯ ከአገር ውጭ አይሠራም ነበር። ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳዮቹ ቴምብር ይጨመርበታል። ሁለቱም ቴምብሮች ጎን ለጎን የተለጠፉበት ፖስታ ከተገኘ እንግዲህ ሰነድ ነው፦ ነጻ አገር ሆና ደብዳቤዋ ግን የሌላ ፈቃድ የሚጠይቅባት ኢትዮጵያ ምስል ነው። ሁለቱን ልጦ ለየብቻ ማስቀመጥ ያንን ዓረፍተ ነገር መሀሉ ላይ መቁረጥ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሐሰተኛው ነው። ከ1901 ጀምሮ የፓሪሶቹ ቴምብሮች ላይ በእጅ ማህተም ይመታባቸው ጀመር። መጀመሪያ በላቲን ፊደል «ኤቲዮፒ» የሚል፣ በ1902 በአማርኛ «ቦስጣ» የሚል፣ በ1903 ደግሞ መልእክት የሚል ቃል። በ1905 በፈረንሳይ ሳንቲም የተጻፈ አዲስ ዋጋ ተከተለ። እጅ የመታው ስለሆነ አንዱ ይዘማል፣ አንዱ ይገለበጣል፣ አንዱ ሁለቴ ይመታል፤ ቀለሙም ይለያያል። ሰብሳቢ የሚፈልገው ይህንን ልዩነት ነው። አጭበርባሪ የሚወደውም ይህንኑ ነው። ማህተም ያልተመታበት ቴምብር በርካሽ ይገኛል፤ የጎማ ማህተም ማስቀረጽ ቀላል ነው። ስለዚህ ወረቀቱ እውነተኛ ሆኖ ማህተሙ ሐሰት የሆነ ቴምብር ገበያውን ሞላው።

ታዲያ በምን ይለያል? አንደኛው ዘዴ ቅደም ተከተሉን ማየት ነው። «ቦስጣ» የሚለው ቃል የተመታው ቴምብሩ ከመሸጡ በፊት ነው፤ የፖስታ ቤቱ የቀን ማህተም የሚያርፈው ደብዳቤው ሲላክ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ቃሉ ከቀን ማህተሙ በላይ ካረፈ ነገሩ ያጠራጥራል። በ1902 የተጀመረ ቃል የ1900 የቀን ማህተም ካለበት ደግሞ መከራከር አያስፈልግም። ግን ቀኑና የከተማው ስም ብዙ ጊዜ ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ ነው የሚያርፈው። ቴምብሩን የላጠ ሰው ምስክሩን ለሁለት ሰንጥቆ አንዱን ይጥላል። ከፖስታው ጀርባ ያሉት የመተላለፊያና የመድረሻ ማህተሞችም አብረው ይሄዳሉ።

እርግጥ ፖስታም ሊዋሽ ይችላል። ሰብሳቢ ለማስደሰት ተብለው የተላኩ አሉ። ቢሆንም አንድ ቃል ከመፈብረክ የሦስት ከተማ ማህተም፣ አድራሻና የእጅ ጽሑፍ አስማምቶ መፈብረክ እጅግ ይከብዳል።

ላልተላከ ቴምብርም ውሃ ጠላት ነው። የ1919ኞቹ፣ እንስሳትና መሳፍንት ያሉባቸው ቴምብሮች፣ በኋላ እንደገና ታትመዋል። ከፊት ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ጀርባቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙጫ ነጭና ለስላሳ ነው፤ የድጋሚዎቹ ቡናማ ሆኖ በሰያፍ የተሰነጣጠቀ ነው። አንዴ ከታጠቡ ማን ይለያቸዋል?

በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አሮጌ ፖስታ ሲገኝ ከውሃ፣ ከፕላስተርና ከመቀስ ማራቅ፤ ከነደብዳቤው በደረቅ ቦታ ማኖር፤ ከዚያ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ነው። አዲስ አበባ ፖስታ ቤት ውስጥ የቴምብር ሙዚየም አለ፤ ገብቶ እውነተኛዎቹን ማየት ዓይንን ያሠለጥናል። የተላጠ ቴምብር ግን ተመልሶ በቦታው አይለጠፍም።