በአገር ስም መጠራት፦ የሰሜን ሸዋ እንስሳትና ዕፅዋት ስያሜ ታሪክ

የሰሜን ሸዋ እንስሳትና ዕፅዋት የአገር ስም የሚያገኙት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ገበሬው፣ ነጋዴውና ሸማቹ የሚያወጡት የገበያ ስም ሲሆን፣ ሁለተኛው የሥነ ሕይወት ሊቃውንት በላቲን የሚመዘግቡት፣ ፊተኛው ቃል ወገኑን ኋለኛው ቃል ዝርያውን የሚያመለክትበት ሳይንሳዊ ስም ነው። ሁለቱም የፍጥረቱን መገኛ የሚናገሩ ይመስላሉ፤ ቀርቦ ለመረመራቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመሰክሩት ስም አውጪው የት ቆሞ እንደነበረ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚያስደንቀው ማስረጃ በአንኮበርና በስሜን ተራሮች መካከል የሚታየው የስም መለዋወጥ ነው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ቀይ ቀበሮን ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው በስሜን ካገኘው በኋላ ስለነበር፣ እንስሳው እ.ኤ.አ. በ1840 «ካኒስ ሲሜንሲስ»፣ ማለትም የስሜኑ፣ ተብሎ ተመዘገበ፤ ይሁን እንጂ ቀይ ቀበሮ በመንዝ ጓሳም የሚኖር ሲሆን፣ ዛሬ ከጠቅላላ ቁጥሩ የሚበዛው የሚገኘው ከስሜን እጅግ በራቀው በባሌ ተራሮች ነው። በአንጻሩ እንግሊዛዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ጆን አሽ እ.ኤ.አ. በ1976 በአንኮበር ገደላማ አፋፍ ላይ ያገኛት፣ ዘር ለቅማ የምትኖር ትንሽ ቡናማ ወፍ በ1979 «አንኮበሬንሲስ» የሚል ስም ተሰጣት፤ በዚያን ጊዜ ከአንኮበር አካባቢ በቀር ሌላ መኖሪያ ያላት አትመስልም ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን በስሜን ተራሮችም ተገኘች። እንዲህም ሆኖ የአሰያየም ሕጉ በደንብ የወጣን ስም ቦታውን በትክክል አይገልጽም በሚል ምክንያት ብቻ መለወጥን ስለማይፈቅድ፣ ስሞቹ እንዳሉ ጸንተዋል። መገኛው የኢትዮጵያ ደን የሆነው ቡናም እ.ኤ.አ. ከ1753 ጀምሮ «አራቢካ»፣ ማለትም የዓረብ፣ እየተባለ የሚጠራው በተመሳሳይ ሕግ ነው።

አንኮበር የተፈጥሮ ተመራማሪዎችን የሳበችው በፖለቲካዊ ቦታዋ ነበር። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫና ከታጁራ ወደብ የሚነሣው የቅፍለት መንገድ መድረሻ በመሆኗ፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1841 ሲደርስ ከአባላቱ መካከል የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበረበት። በምኒልክ ዘመን ደግሞ የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር በአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ የምርምር ጣቢያ አቋቋመ፤ የጣቢያው መሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪም እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው አረፈ። ከሸዋ የተላኩትን አእዋፍ ቱሪን ላይ ሆኖ ያጠናው ቶማሶ ሳልቫዶሪ እ.ኤ.አ. በ1884 አንዱን ዝርያ «አንቲኖሪ» ብሎ ሰየመው። በጀማ ሸለቆና በዓባይ ተፋሰስ ገደሎች ብቻ የሚኖረው ቆቅም የጀማን ሳይሆን ሃርዉድ የተባለ የውጭ ሰው ስም ይዟል። ተመራማሪዎቹን በየመንገዱ የመሯቸውና ወፉን በአማርኛ ስሙ የሚያውቁት የአገሩ ሰዎች ግን በእነዚህ ስሞች ውስጥ አለመታወሳቸው ከሸዋ የስያሜ ታሪክ እጅግ የሚያሳዝነው ክፍል ነው።

የእሬት ታሪክ ከዚህ ይሻላል። ደብረ ብርሃን ለአንድ እሬት ሁለት ጊዜ ስሟን አበድራለች፦ እ.ኤ.አ. በ1947 «ደብራና»፣ በ1957 ደግሞ ሌላ ዝርያ የተገኘ መስሎ «ብርሃና» የሚሉት ስሞች ወጡ፤ ሁለቱ አንድ ተክል መሆናቸው ሲረጋገጥም ቀድሞ የታተመው ስም ይጸናል በሚለው ደንብ «ደብራና» ቀረ። በአንኮበር ገደል ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድገውን እሬት እ.ኤ.አ. በ1997 «አንኮበሬንሲስ» ብለው ከሰየሙት ሁለት ሊቃውንት አንዱ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው።

የሕዝቡ አሰያየም በአንጻሩ የንግድን መንገድ ይከተላል። በመንዝ ውስጥ በግ በግ ነው፤ «የመንዝ በግ» የሚባለው ከሌላ አገር በግ ጋር በአንድ ገበያ ሲቆምና ገዢው ላቱንና ባና የሚሠራበትን ጸጉሩን አይቶ ሲመርጠው ነው። «የምንጃር ጤፍ» የሚለው ስምም ከምንጃር ይልቅ በአዲስ አበባ እህል በረንዳ ይበልጥ ያስፈልጋል። የአገር ስም እንግዲህ ፍጥረቱ ከአገሩ ሲወጣ ወይም ባዕድ ወደ አገሩ ሲገባበት የሚመጣ ስም ነው። በአንኮበር አቅራቢያ ባለው የወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ለዘመናት የኖረው ዛፍ ጥድ ብቻ ይባል ነበር፤ «የሐበሻ ጥድ» መባል ያስፈለገው «የፈረንጅ ጥድ» ከመጣ በኋላ ነው። ይህ የፈረንጅ ጥድ በሳይንሳዊ ስሙ «ሉሲታኒካ»፣ ማለትም የፖርቱጋል፣ ቢባልም የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የገባው የአውስትራሊያ ዛፍም «ባሕር ዛፍ» ሲባል ከባሕር ማዶ መምጣቱ እንጂ አገሩ አልተነገረም፤ በቆሎም ቀደም ሲል «የባሕር ማሽላ» ይባል የነበረው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

መንዝ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ተክሉ ለቦታው ስም ይሰጣል። ጓሳ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያገለግል የደጋ ሣር ሲሆን፣ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚበቅልበትም አምባ በእርሱ ስም ይጠራል። የመንዝ ባላገር ይህን ሣር ለዘመናት በጋራ ደንብ ሲጠብቅ፣ አምባውን ለዓመታት ከአጨዳና ከግጦሽ ዘግቶ ሣሩ ሲደርስ ብቻ ይከፍተው ነበር። እ.ኤ.አ. የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ደንቡን ቢያፈርሰውም፣ አምባው ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የሚተዳደረው በዚያው ባላገር ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም በዚያ የተረፉት ለሣሩ ተብሎ በተደረገው ጥበቃ ነው።