የደብረ ታቦሩ ልጅ

ወጣት አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ጋፋት ሲባል መቼም ቀድሞ ትዝ የሚላችሁ የሴባስቶፖል መድፍ ነው። ዛሬ ግን መድፉ በተሠራበት ዘመን በዚያው አካባቢ ያደገ አንድ ልጅ ታሪክ ላውጋችሁ። ልዑል ዓለማየሁ በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወለደ። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱም የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው።

ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ በምትገኘው ጋፋት በስዊዘርላንድ ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩ ሚስዮናውያን ይኖሩ ነበር። ዋልድማየር፣ ዛልሙለርና ባልደረቦቻቸው የመጡት በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ወንጌልን ሊያስተምሩ ነው። ንጉሡ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። ሙያው አልነበራቸውም፤ ቢሆንም ሠሩ። እኛ የወንጌል ልጆች ነንና ይህን ነገር ቶሎ አንለፈው፤ ያን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ አቅልጠው ያፈሰሱት መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የመጡ እጆች ናቸው።

መድፉ በብዙ ሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎተተ፤ የጦርነቱን ውጤት ግን አልለወጠም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ። ዓለማየሁ ገና ሰባት ዓመት እየሞላው ነበር። ጦሩ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ባሕር ሲመለስ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ፣ ትግራይ ውስጥ አረፉ። በአንድ ወር ገደማ ውስጥ አባትም እናትም አጣ።

ከዚያ ወዲያ ካፒቴን ስፒዲ የሚባል መኮንን ያዘው። ንግሥት ቪክቶሪያ አገኙት፣ ወደዱትም። ለጥቂት ጊዜ ሕንድ አገር ኖረ፤ በኋላ ራግቢ ትምህርት ቤት ገባ፤ ቀጥሎም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። አገር ቤት የቀሩት የእናቱ እናት ላቂያዬ በአማርኛ ደብዳቤ ይልኩለት ነበር። በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 18 ነበር፤ እስኪ የራሳችሁን ቁጠሩ።

የተቀበረው ዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። ንግሥቲቱ ባስቀመጡለት የናስ ሰሌዳ ላይ ከማቴዎስ 25፥35 እንግዳን ስለ መቀበል የተነገረው ቃል ተቀርጿል። ኀዘናቸው እውነተኛ እንደ ነበር አምናለሁ። ነገር ግን ይህ እንግዳ በገዛ እግሩ መጥቶ በር አላንኳኳም። በኅብረታችሁ ያንን ምዕራፍ ስታጠኑ ይህን ልጅ አስቡትና ተጠያየቁ፤ መጀመሪያ እንግዳ ያደረገው ማን ነው?

ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ1999 ዓ.ም. አፅሙ እንዲመለስ ጠይቀው ነበር። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በአጠገቡ ያረፉትን ሌሎች ሳይነኩ እሱን ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ግን በስፒዲ ቤተሰብ ተወላጆች እጅ የቆየች ከራሱ የተቆረጠች የጸጉር ዘለላ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያውያን ተሰጠች።