በአንድ ወተት ሁለት ለውጥ፦ ኮሌስትሮልና ቫይታሚን ዲ በፊንላንድ ሕዝብ ደም ውስጥ

በ1960ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው) ከሩሲያ ጋር የምትዋሰነው የፊንላንድ ግዛት ሰሜን ካሬሊያ በልብ ሕመም በሚሞቱ ጎልማሳ ወንዶቿ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ ነበረች። በ1971 የአካባቢው ሹማምንትና የሕዝብ ተወካዮች ለመንግሥት አቤት አሉ፤ በማግስቱ ዓመት የሰሜን ካሬሊያ ፕሮጀክት ተጀመረ። መሪው ገና የ27 ዓመት ወጣት የነበሩት ሐኪም ፔካ ፑስካ ነበሩ።

በ1972 በተደረገው የመጀመሪያ ቅኝት የግዛቲቱ ወንዶች አማካይ ኮሌስትሮል በሊትር 6.9 ሚሊሞል ገደማ ሆኖ ተገኘ። የእኛ ላቦራቶሪዎች በሚጠቀሙበት መለኪያ ወደ 267 ሚሊግራም በዴሲሊትር መሆኑ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ከ200 በላይ ሲሆንበት ሐኪሙ ያስጠነቅቀዋል፤ እዚያ ግን 267 የበሽተኛ ሳይሆን የአማካዩ ሰው ቁጥር ነበር። በየአምስት ዓመቱ በተከታታይ የተደረገው ቅኝት ቁጥሩ በ1987 ወደ 6.2፣ በ2007 ደግሞ ወደ 5.4 መውረዱን ያሳያል። ስታቲን ከተባሉት ኮሌስትሮል አውራጅ መድኃኒቶች የመጀመሪያው ለገበያ የዋለው በ1987 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለወረደው ምስጋናው ለክኒን ሊሆን አይችልም።

ለውጡ የመጣው ከማዕድ ነው። በ1972 ከአሥር የካሬሊያ ሰዎች ዘጠኙ ያህል ዳቧቸውን በቅቤ ይቀቡ ነበር፤ የሚጠጡትም ስቡ ያልተገፈፈለት ወተት ነበር። ገበሬው የሚከፈለው በወተቱ የስብ መጠን ስለነበር፣ ስብ መቀነስ ማለት ከጎረቤት ኪስ መቀነስ ነበር። ፕሮጀክቱ የተሳካለት ስብከት ስላበዛ አይመስለኝም። ማርታ የተባለው የቤት እመቤቶች ማኅበር ሴቶች በየመንደሩ ድግስ እያዘጋጁ የባህሉን ወጥ በአትክልት አበርክተው ሠርተው አቀመሱ፤ ከወተት ላም ውጭ መተዳደሪያ ለሚፈልጉ ገበሬዎች የእንጆሪና መሰል ፍሬዎች ልማት ተሞከረ፤ ከአገሩ አየር ጋር የሚስማማ የጎመን ዘር ዘይት ተስፋፋ። ሰዉ ጤናማውን ምግብ የመረጠው ምግቡ በደጁ ሲገኝ ነው።

ቡናም ድርሻ ነበረው። ፊንላንዳውያን በነፍስ ወከፍ ቡና ጠጪነት ከዓለም ግንባር ቀደሞቹ ናቸው፤ ድሮ ዱቄቱን ከውኃ ጋር አፍልተው፣ ሲሰክን ቀድተው ይጠጡ ነበር። እንዲህ የተፈላ ቡና ካፌስቶል የተባለ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ ቅባታም ንጥረ ነገር ይዞ ወደ ስኒ ይወርዳል፤ የወረቀት ማጣሪያ ግን አብዛኛውን ያስቀረዋል። አገሩ ወደ ማጣሪያ ቡና ሲዞር ይህም የኮሌስትሮሉን ቁልቁለት አግዟል። ከአቦል እስከ በረካ የምንጠጣው የጀበና ቡናም ሰክኖ የሚቀዳ እንጂ በወረቀት የሚያልፍ አይደለም። እዚህ አገር ስለ ኮሌስትሮል የሚያጠና ሰው ስለ ሥጋና ቅቤ ጠይቆ ቡናን ካለፈ መጠይቁ ጎዶሎ ነው።

ውጤቱ በሞት መዝገብ ታይቷል። በመካከለኛ ዕድሜ በልብ ደም ሥር ሕመም የሚሞቱት ከፕሮጀክቱ ዋዜማ እስከ 2012 በወንዶች በ82፣ በሴቶች በ84 በመቶ ቀንሰዋል። ከማጨስና ከደም ግፊት ይልቅ ትልቁን ድርሻ የያዘው የኮሌስትሮል መውረድ ነው። ሆኖም በ2007 እና በ2012 መካከል የኮሌስትሮሉ ቁጥር መለስ ብሎ ትንሽ ወጣ። ያኔ ስታቲን የሚወስደው ሰው ከቀድሞው እጅግ በዝቶ ነበር፤ ካርቦሃይድሬት የመቀነስ ፋሽን ግን ቅቤን ወደ ማዕዱ መልሶት ነበር።

ቫይታሚን ዲ በተቃራኒው መንገድ ተጓዘ። ፊንላንድ ከሞላ ጎደል ከ60 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ በላይ ስለምትገኝ በክረምቷ ወራት ፀሐይ ብትወጣም ቆዳ ቫይታሚኑን አይሠራም። በ2003 በፈሳሽ ወተትና በዳቦ ቅቤ ምትኮች ላይ ቫይታሚኑ መጨመር ተጀመረ፤ በ2010 መጠኑ በእጥፍ አድጎ በ100 ግራም ወተት 1 ማይክሮግራም፣ በ100 ግራም የዳቦ ቅባት 20 ማይክሮግራም ደረሰ። በ2000 በሊትር 48 ናኖሞል የነበረው የጎልማሶች አማካይ በ2011 ወደ 65 ከፍ አለ። ክኒን ሳይወስዱ የበለጸገውን ወተት ወይም ቅባት ከሚመገቡት 91 በመቶው በቂ የሚባለውን 50 ናኖሞል አልፈዋል። ስቡ የተገፈፈለት ያው ወተት ቫይታሚን ተሸካሚ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ መጠርጠር አለበት። በዚያው ዘመን የቫይታሚን ዲ ክኒን የሚወስዱት ከ11 ወደ 41 በመቶ ስላደጉ፣ ጭማሪውን በሙሉ ለወተቱ መስጠት አይቻልም። ከዚህ የከበደው ችግር ግን መለኪያው ነው። በአሜሪካ በ1988–94 እና በ2000–04 ቅኝቶች መካከል የታየው የቫይታሚን ዲ መቀነስ ከፊሉ የሰዉ ሳይሆን የምርመራው ዘዴ ለውጥ ሆኖ ተገኝቷል። ፊንላንዳውያኑ ከዚህ ያመለጡት በብርድ ካስቀመጡት አሮጌ ደም ውስጥ ናሙና አውጥተው፣ በአንድ ወጥ ዘዴ እንደገና በመለካታቸው ነው። ያ ባይደረግ ኖሮ 48 እና 65 ጎን ለጎን ሊቆሙ አይገባም ነበር።

አማካይ ደግሞ የሚሸፍነው አለ። በዚያችው ፊንላንድ የሶማሌና የኩርድ ተወላጆች የቫይታሚን ዲ መጠን ከአገሬው ዝቅ ያለ ነው። ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ሴቶችም በ1990ዎቹ ሲመረመሩ እጥረቱ በብዛት ታይቶባቸዋል፤ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ደግሞ ይብስ ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳና ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ በሞቃት አገርም ቢሆን የፀሐይን ሥራ ያሳንሳሉ።

ኢትዮጵያ በ2022 የምግብ ዘይት በቫይታሚን ኤ እና ዲ፣ የስንዴ ዱቄትም በማዕድናትና በቢ ቫይታሚኖች እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ አውጥታለች። በብዙ ቤት ያለው ዘይት ደግሞ የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው፤ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ ጠጣር ስብ ይበዛበታል። የፊንላንዱ ወተት ስቡን ጥሎ ቫይታሚን ሲቀበል፣ የእኛ ዘይት ስቡን እንደያዘ ይበለጽጋል። ስለዚህ የቫይታሚኑን መጨመር ብቻ የሚከታተል ቅኝት ግማሹን ነገር ያጣል፤ ኮሌስትሮሉና ቫይታሚኑ ከአንድ ደም አብረው ሊለኩ ይገባል። ወቅቱም ይመዝገብ፤ በቀርጤስ የኦርቶዶክስ ጿሚዎች ኮሌስትሮል በጾሙ ወራት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በሁዳዴ ማብቂያ የተቀዳ ደም ከፋሲካ ወር በኋላ ከተቀዳው ጋር ቢነጻጸር፣ በዘይቱ የመጣውን ለውጥ በጾም ከመጣው መለየት አይቻልም። ከመነሻው ደም ደግሞ ጥቂት ጥቂቱ ዛሬውኑ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ የሚቀጥለው ትውልድ ተመራማሪ በራሱ ዘመን ዘዴ ደግሞ ይለካዋል።