የኤልክ አደንና የቃል ኪዳን ዕጣ

የአደን ሕግ በመልኩ የአራዊት ጠባቂ ነው። የማደኛውን ወራት ይወስናል፤ ፈቃድ ይሰጣል፣ ይነሳልም። ይሁን እንጂ ማን እንዳወጣውና በማን ላይ እንደወደቀ ካልተመረመረ፣ ከጥበቃው ጀርባ ያለው የመሬትና የሥልጣን ጥያቄ ተሸፍኖ ይቀራል። በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ፣ ኤልክ በተባለው ግዙፍ አጋዘን ላይ የተነሳው ሙግት ለዚህ ጉልህ ማስረጃ ነው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1868 የአሜሪካ መንግሥት ከሾሾኒና ከባኖክ ሕዝቦች ጋር በፎርት ብሪጀር ተዋዋለ። ሕዝቦቹ ሰፊ አገራቸውን ለቀው በተከለለላቸው መሬት ሊወሰኑ፣ በአንጻሩም ሰው ባልሰፈረበት የመንግሥት መሬት ላይ፣ አውሬው እስካለና ሰላም እስከሰፈነ ድረስ ሊያድኑ ተስማሙ። ኤልክ ለእነርሱ ሥጋው ስንቅ፣ ቆዳው ልብስ ነበር።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የነጭ ሰፋሪው ብዛት ጨመረ። ነጋዴው ሥጋውንና ቆዳውን ለገበያ አዋለ፤ የኤልክ ጥርስ እንኳ ለሰዓት ሰንሰለት ጌጥ ሆኖ ተሸጠ። መንጋው ተመናመነ። ስለዚህም የጥበቃ አስፈላጊነት ሐሰት አልነበረም። ሐሰቱ ለጥፋቱ ተጠያቂ ተደርጎ የተመረጠው ወገን ነበር።

ዋዮሚንግ በ1890 ክፍለ ግዛት ሆነች፤ የበጋውን አደን የሚከለክል ሕግም አወጣች። በጃክሰን ሸለቆ ለባለጸጋ አዳኞች መንገድ እየመሩ የሚተዳደሩ ሰፋሪዎች፣ ባኖኮች እንዲባረሩላቸው ይሹ ነበር። በሐምሌ 1895 የታጠቀ ቡድን ሴቶችና ሕፃናት ያሉበትን የባኖክ ጉዞ ማረከ፤ ምርኮኞቹ ሊያመልጡ ሲሞክሩ ተኩስ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ተገደሉ።

በዚያው ዓመት ሬስ ሆርስ የተባለ ባኖክ ሰባት ኤልክ ገድለሃል ተብሎ ተከሰሰ። የፌዴራሉ ዳኛ ውሉን አክብሮ ነጻ ለቀቀው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በግንቦት 1896 ፍርዱን ገለበጠው፤ ዋዮሚንግ ከሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች እኩል ስለሆነች የአደን መብቱ ቀርቷል አለ። በዚህ ፍርድ የተለዩት ዳኛ ሄንሪ ብራውን ብቻ ነበሩ። አውሬው ገና ነበረ፤ ሰላምም አልፈረሰም ነበር፤ የፈረሰው ውሉ ነው።

በ1912 በጃክሰን የኤልክ መጠለያ ተቋቋመ። የክረምት ግጦሹ በሰፋሪው አጥርና ድርቆሽ ማሳ በመያዙ መንጋው በረሃብ ያልቅ ነበርና። አውሬውን ያፈናቀለውና ባኖኩን ያፈናቀለው ኃይል አንድ እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጥያቄው በ2014 እንደገና ተነሳ። ከክሮው ሕዝብ የተወለደ አዳኝ ኤልክ ተከትሎ ከሞንታና ወደ ዋዮሚንግ ተሻገረ፤ ያለ ወራቱ አድነሃል ተብሎም ተከሰሰ። እርሱም የሕዝቡን የ1868 ውል ጠቀሰ። በግንቦት 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ የክፍለ ግዛት መመሥረት ብቻውን መብቱን እንደማይሽር ወሰነ፤ የ1896ቱንም ፍርድ ሻረ። ሆኖም አዳኙ ያደነበት ቦታ ሰው የሰፈረበት ነው ወይ፣ ጥበቃውስ ገደብ ያስፈልገዋል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ለታችኛው ፍርድ ቤት ተመለሱ።

በአገራችን «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እርምጃውን ይገታል፤ የሚገታውም ሕጉ ከሁለቱም ተከራካሪዎች በላይ መሆኑን ስለሚያምን ነው። ባኖኮች 1868ን ጠቅሰው ያሰሙት አቤቱታ ይኸው ነበር። መልሱ ሲመጣ ግን 123 ዓመታት አልፈው፣ ሬስ ሆርስም ለመስማት አልበቃም።